የነከሰ ሞተር የሞተ ሞተር አይደለም፦ ለዓመታት የቆመን መኪና በቤት ውስጥ መልሶ ማስነሳት

በብዙ ከተሞች፣ በአሮጌ ግቢዎች ጥግ፣ ከባሕር ዛፍ ሥር ወይም በቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ለዓመታት የቆሙ መኪናዎች ይታያሉ። ጎማቸው ተንፍሷል፤ መስታወታቸው አቧራ ለብሷል፤ አንዳንዶቹም የዶሮ ማደሪያ ሆነዋል። አባት ወይም አያት የነዷቸው ናቸውና ለመሸጥ ያሳሳሉ፤ ሞተራቸው አልዞር ብሏልና ለመንዳት አይሆኑም። በመጨረሻ የቁርጥራጭ ብረት ገዢ ይመጣና በኪሎ ተመዝነው ይሄዳሉ። ብዙዎቹ ለዚህ ዕጣ የሚዳረጉት መጠገን ስለማይችሉ አይደለም፤ «ሞተሩ ነክሷል» የሚለው ቃል እንደ ሞት ፍርድ ስለሚቆጠር ነው። የመስኖ ውኃ የሚስቡ ትንንሽ ሞተሮችም ከክረምት በኋላ ተመሳሳይ ፍርድ ሲሰጣቸው ይታያል።

የነከሰ ሞተር የሚባለው በሲሊንደሩ ውስጥ መመላለስ የሚገባው ፒስተን ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ፣ ወይም ክራንክ ሻፍቱ በተሸከሙት ኩሽኔታዎች ተይዞ አልዞር ያለ ሞተር ነው። ውጤቱ አንድ ይሁን እንጂ መንስኤው ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው እየሠራ ሳለ የነከሰ ነው። ዘይት ያልቅበታል ወይም ከልክ በላይ ይግላል፤ ፒስተኑ በሙቀት ይለጠጥና ግድግዳውን ይቧጥጠዋል፤ የለሰለሰው ብረትም ተላክኮ ይቀራል። እንዲህ ያለው ሞተር በዘይት ተነክሮ ቢላቀቅ እንኳ ተፈትቶ መታየቱ አይቀርም። ሁለተኛው ግን በደኅና ገብቶ፣ በደኅና ጠፍቶ፣ ሳይነካ በመቆየቱ ብቻ የነከሰ ነው። የዚህኛው ጠላት ዝገት ነው።

ዝገቱ የሚገባበት መንገድ ብዙ ሰው የሚገምተው አይደለም። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ሲጠፋ ፒስተኖቹ በተለያየ ቦታ ይቆማሉ፤ አንዳንዶቹ ቫልቮችም ክፍት ሆነው ይቀራሉ። በክፍቱ የጭስ ማውጫ ቫልቭ በኩል፣ ማርሚታውን አልፎ፣ የውጭ አየር እርጥበቱን ይዞ ይገባል። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ጤዛ ይሆናል፤ ቀን ይደርቃል፤ በማግስቱም ይደገማል። ግድግዳውን ሸፍኖት የነበረው ስስ የዘይት ሽፋን እየወረደ ያልቃል። ከዚያ በኋላ የፒስተኑ ቀለበቶች በተቀመጡበት መስመር ላይ የዝገት ክር ይሠራል። ይህ ክር ከወረቀት የማይወፍር ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም አንድ ጎልማሳ በረጅም ቁልፍ ታግሎ የማያነቃንቀውን ሞተር አጥብቆ ይይዛል።

ስለዚህ የመጀመሪያው የጥገና መሣሪያ ጥያቄ ነው። መኪናው የቆመው እንዴት ነው? ባለቤቱ ታመው ወይም አርፈው፣ ነዳጅ ወይም ጎማ ጠፍቶ፣ ቦሎ ሳይታደስ ቀርቶ የቆመ ከሆነ ተስፋው ትልቅ ነው። በመንገድ ላይ ተንኳኩቶ፣ ጭስ አውጥቶ፣ ተጎትቶ የገባ ከሆነ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ይህን የሚያስታውሱ ሰዎች በቤተሰቡ ወይም በጎረቤት አይጠፉምና ቁልፍ ከማንሳት በፊት እነርሱን መጠየቅ ብዙ ድካም ያስቀራል።

ሌላው ቀድሞ መታየት ያለበት ሊብሬው ነው። የባለቤትነት ደብተሩ ከጠፋ ወይም በሟች ስም ከሆነ የወራሽነት ማረጋገጫና የስም ዝውውር ያስፈልጋል። ሞተሩን አስነስቶ፣ ቀለም አስቀብቶ፣ ከዚያ ሰነድ ፍለጋ የሚሄድ ሰው ገንዘቡን ያፈሰሰው በግቢ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ መኪና ሊሆን ይችላል።

ነክሷል የተባለ ሁሉ አልነከሰም። ማርሽ ውስጥ የቀረና ፍሬኑ ዝጎ ከበሮው ላይ የተጣበቀ መኪና ሞተሩ የተያዘ ይመስላል። የሞተሪኖው ጥርስ ሲሰነቀርም፣ ዲናሞው ሲደርቅም እንዲሁ ነው። ማርሹን ዜሮ ላይ ማድረግ፣ ቺንጋውን ማውለቅ፣ ሞተሪኖውን ፈትቶ ማንሳት፣ ካንዴላዎቹን ሁሉ ማውጣት፣ ከዚያም በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ባለው ቡሎን ላይ ቁልፍ አግብቶ በቀስታ መሞከር ተገቢ ነው። ካንዴላ ሳይወጣ የሚደረግ ሙከራ ዋጋ የለውም፤ በሲሊንደሩ የታመቀው አየር ራሱ እጅን ይመልሳልና።

ብዙ ሞተሮች በእውነት የሚሞቱት በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። ጎረቤት ይሰበሰባል፤ አንዱ ባትሪ ያመጣል፤ ሌላው ገመድ። መኪናው ማርሽ ውስጥ ገብቶ በሌላ መኪና ይጎተታል። የተጣበቀው ፒስተን ከተላቀቀ ቀለበቱን ሰባብሮ፣ ግድግዳውን ፈልጦ ነው፤ ካልተላቀቀ ደግሞ ቢየላው ይጣመማል። በሞተሪኖ ደጋግሞ መሞከርም ባትሪውንና ሽቦውን ከማቃጠል አያልፍም። አሥር ዓመት የቆመ ሞተር ተጨማሪ ሁለት ሳምንት ቢታገሡት የሚጎዳው ነገር የለም፤ ችኩልነቱ ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት ያስቸግራል።

አሠራሩን በአንድ መኪና ላይ ማሳየት ይቀላል፤ ለዚህም ቮልስዋገን፣ በአገሬው አጠራር ቮልስ፣ ተመራጭ ነው። በጀርመን ቮልፍስቡርግ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ጀምሮ በብዛት የተመረተው ይህ መኪና፣ የመጨረሻው በሜክሲኮ ፑዌብላ ከፋብሪካ እስከወጣበት እ.አ.አ ሐምሌ 2003 ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። አፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ከሥልጣን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በዚሁ መኪና እንደነበር ይታወቃል። ለቤት ውስጥ ጥገና የሚመረጠው ግን በታሪኩ ሳይሆን በአሠራሩ ነው። ሞተሩ ከኋላ የተቀመጠ፣ ራዲያተርና ውኃ የሌለው፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ነው። አራቱ ሲሊንደሮቹ እያንዳንዳቸው ለየብቻ የሚወጡ ናቸው፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው አይነካም። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያያይዙት ዋና ቡሎኖችም አራት ብቻ ናቸው።

ይህ ሞተር ግን በነከሰ ጊዜ አንድ ችግር አለው፤ ሲሊንደሮቹ ጎን ለጎን ተጋድመዋል። እንደ አሮጌ ፊያት ወይም ላንድሮቨር ባለ ቀጥ ብሎ በቆመ ሞተር፣ በካንዴላው ቀዳዳ የፈሰሰ ዘይት በፒስተኑ አናት ላይ ይተኛል፤ ከዚያም ዙሪያውን በቀለበቶቹ በኩል ቀስ እያለ ይሰርጋል። በቮልስ ሞተር ግን የፈሰሰው ዘይት ወደ ሲሊንደሩ ታችኛ ጎን ይወርድና የላይኛውን ግማሽ ሳይነካው ይቀራል። «ዘይት ነክሬ ወር ሙሉ ጠብቄ ነበር፤ አልሠራም» የሚሉ ባለቤቶች ብዙ ጊዜ ችግራቸው እዚህ ላይ ነው። የዝገቱ እኩሌታ ዘይት አላገኘም።

መፍትሔው ሞተሩን አውርዶ በጎኑ ማቆም ነው። የመኪናው ኋላ በክሪክ ከፍ ይላል፤ ከዚያም በወፍራም ግንድ ወይም በጠንካራ የብረት ማቆሚያ ላይ ይቀመጣል። በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር መግባት በምንም ምክንያት አይፈቀድም። የባትሪው ገመድ ይነቀላል፤ የነዳጁ ጎማ ቱቦ ይታሰራል፤ የቤንዚን መስጫው ገመድ፣ የማሞቂያው ቱቦዎችና ሽቦዎቹ ይላቀቃሉ። ሽቦዎቹን ከመንቀል በፊት በስልክ ፎቶ ማንሳት ብልህነት ነው። አራቱ ቡሎኖች ሲፈቱ ሞተሩ ወደ ኋላ ተስቦ ይወርዳል። ክብደቱ ወደ 100 ኪሎ ግራም ስለሚጠጋ አንድ ሰው ብቻውን ሊያወርደው አይገባም።

የወረደው ሞተር ዘይቱ ይፈሳል፤ ከዚያም ሁለቱ ሲሊንደሮች ወደ ላይ እንዲመለከቱ በጎኑ ይቆማል። በእያንዳንዱ የካንዴላ ቀዳዳ አንድ የቡና ስኒ ያህል ፈሳሽ ይጨመራል። ብዙ መካኒኮች የሚጠቀሙት የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል በእኩል ተቀላቅለው ነው፤ አሴቶኑ ዘይቱን ያቀጥነውና በጠባቡ ክፍተት እንዲሰርግ ያደርገዋል። አሴቶን ከጠፋ ናፍጣና ንጹሕ የሞተር ዘይት ይተካሉ፤ ጊዜው ብቻ ይረዝማል። አሴቶን በቀላሉ የሚቀጣጠልና በፍጥነት የሚተን ነው። ሥራው በደጅ ወይም በር በተከፈተበት ቤት ይሁን፤ ሲጋራ፣ ኩራዝና የከሰል ምድጃ አጠገቡ አይኑሩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሞተሩ ተገልብጦ የሌላኛው ጎን ሲሊንደሮች ተራ ይደርሳቸዋል።

በዚህ መካከል የቫልቮቹ ክዳኖች ተከፍተው ቫልቮቹን የሚጫኑት እጆች ይነሣሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ቫልቭም እንደ ፒስተን በመቀመጫው ዝጎ ሊያዝ ይችላል። ክራንክ ሻፍቱ በድንገት ቢዞር የተያዘውን ቫልቭ የሚገፋው ዘንግ ይጣመማል። እጆቹ ከተነሡ ግን የሚገፋው ነገር የለም።

ቀጥሎ ሙከራ ነው። በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ባለው የ30 ቁጥር ቡሎን ላይ ቁልፍ ይገባና ወደ አንድ ወገን ብቻ ሳይሆን ወደፊትም ወደኋላም በመጠነኛ ጉልበት ይነቀነቃል። የሚፈለገው ሙሉ ዙር አይደለም፤ የጸጉር ያህል እንቅስቃሴ ከታየ ሥራው ተሳክቷል ማለት ይቻላል። ያን ጊዜ ማቆም፣ ፈሳሽ መጨመር፣ በማግስቱ ተመልሶ ትንሽ መጨመር ይገባል። በቁልፉ ላይ ረጅም ቧንቧ አግብቶ ሁለት ሰው ሆኖ መጫን ግን ቡሎኑን ይቆርጣል። የተቆረጠ ቡሎን ከክራንክ ሻፍት ውስጥ ማውጣት ደግሞ የነከሰን ፒስተን ከማላቀቅ ይከብዳል።

ሁለት ሳምንት ተነክሮም ካልተነቃነቀ መፈታት አለበት። በየጎኑ ስምንት ዳዶዎች የያዙት ቴስታታ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ሲሊንደሮቹ በፒስተኖቹ ላይ እየተንሸራተቱ ይወጣሉ፤ ያልነከሱት በእጅና በእንጨት መታ መታ በማድረግ ይመጣሉ። በሲሊንደሩ ዙሪያ ያሉት የማቀዝቀዣ ክንፎች ሲመቱ እንደ ሸክላ የሚሰበሩ ናቸውና በብረት መዶሻ መምታት ክልክል ነው። ሦስቱ ሲወጡ የነከሰው አንዱ ብቻ ይቀራል። እዚህ ላይ የሞተሩ አሠራር ይረዳል፦ ሌሎቹ ነፃ ስለወጡና ቴስታታው ስለሌለ ክራንክ ሻፍቱ በቀስታ ሲዞር የነከሰው ፒስተን ሲሊንደሩን ተሸክሞ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ፒስተኑን ከቢየላው ጋር የሚያያይዘው ፒን ብቅ ሲል መቆለፊያው ይወጣል፤ ፒኑ ይገፋል፤ ፒስተኑ ከነሲሊንደሩ ወደ ጠረጴዛ ይመጣል። ከዚያ በኋላ በፈሳሽ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ማስጠም፣ በእንጨት ድጋፍ በፕሬስ መግፋት ወይም ወደ ቶርኖ ቤት መውሰድ ይቻላል።

የወጣው ሲሊንደር ምን እንደሆነ ዓይን ይፈርዳል። በብርጭቆ ወረቀትና በዘይት ሲታሽ የሚለቅ የቡና ቀለም ያለው እድፍ ችግር የለውም። ጥፍር የሚይዘው ጉድጓድ ካለ ግን ቀለበቱ በላዩ ላይ ሲመላለስ ይበላል፤ ዘይትም ይቃጠላል። ለቮልስ ይህ የዓለም ፍጻሜ አይደለም። ፒስተንና ሲሊንደር በአንድነት፣ ለአራቱም፣ አዲስ ሆነው እስከ ዛሬ ይመረታሉ። ሲሊንደሩ በሞተሩ አካል ውስጥ ለተቀረጸ መኪና ግን አማራጩ በቶርኖ ቤት ማስፋትና ትልቅ ልክ ያለው ፒስተን መግጠም ነው፤ ፒስተኑ መገኘቱን ሳያረጋግጡ ሲሊንደር ማስፋት ደግሞ ብዙ ሰው የተጸጸተበት ነገር ነው።

ተስፋ የሚቆረጥበት ጊዜም አለ። በቮልስ ሞተር ላይ ክራንክ ሻፍቱን በጫፉ ይዞ ወደፊትና ወደኋላ መግፋትና መሳብ ቀላል ምርመራ ነው። የሚፈቀደው መላወስ ከ0.15 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። በእጅ የሚሰማ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ካለ የዋናው ኩሽኔታ መቀመጫ ተበልቷል፤ የሞተሩ ዋና አካልም ተከፍቶ በቶርኖ መስተካከል አለበት። ይህ በቤት ውስጥ የሚሠራ አይደለም። አካሉ ከተሰነጠቀ ወይም ቢየላ ወግቶ ከበሳው ደግሞ ሌላ ሞተር መፈለግ ይረክሳል።

ሞተሩ ነፃ ከሆነ በኋላ የሚፈጠረው ደስታ ብዙዎችን ያሳስታል። ወዲያው ባትሪ አያይዞ ማስነሳት ያምራል። ነገር ግን ለዓመታት የቆመ ቮልስ በማቀዝቀዣ ቆርቆሮዎቹ ሥር የአይጥ ጎጆ ሊኖረው ይችላል። አይጥ ሣር፣ ጨርቅና የወንበር ጭድ አጭቃ አየሩ በሲሊንደሮቹ መካከል የሚያልፍበትን መንገድ ትዘጋለች። ውኃ የሌለው ሞተር አየር ሲያጣ በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል፤ በብዙ ትዕግሥት የተላቀቀው ፒስተንም በዚህ ጊዜ በእውነተኛው መንገድ ይነክሳል። ስለዚህ ቆርቆሮዎቹ ሁሉ ተነሥተው ይጸዳሉ፤ አንድም ሳይቀር ይመለሳሉ። አንዳንድ ጋራዦች «ትርፍ ነው» ብለው የሚጥሏቸው ቆርቆሮዎች አየሩን የሚመሩ ናቸው። በተለይ በአሮጌዎቹ ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው ወደ 3ኛው ሲሊንደር የሚሄደውን አየር ስለሚጋርድ፣ ያ ሲሊንደር ከሌሎቹ ይልቅ ይግላል፤ የቮልስ ቫልቭ ሲቃጠልም ተጠርጣሪው እሱ ነው።

ዘይቱ 2.5 ሊትር ብቻ ነው። ማጣሪያው የወረቀት ሳይሆን ከታች የተቀመጠ የሽቦ ወንፊት ስለሆነ ወጥቶ በቤንዚን ይታጠባል። የቫልቮቹ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ እንደ ሞዴሉ 0.10 ወይም 0.15 ሚሊ ሜትር ይስተካከላል። የካንዴላ ገመዶቹ ተራ 1-4-3-2 ነው፤ በብዙ ሞተሮች ከለመደው 1-3-4-2 ጋር የሚያምታታ መካኒክ ሞተሩ ለምን አልነሳ እንዳለ ሲፈልግ ይውላል። በመጀመሪያ ካንዴላዎቹ ሳይገቡ፣ የካንዴላ ገመዶቹም ርቀው፣ በሞተሪኖ ይዞራል፤ የዘይት ግፊት መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ። በዚህ ጊዜ በሲሊንደሩ የቀረው አሴቶንና ዘይት በቀዳዳዎቹ ይፈናጠራልና ጨርቅ መሸፈን ያስፈልጋል። ካንዴላ ተገጥሞ ቢዞር ግን የታመቀው ፈሳሽ ቢየላ ሊያጣምም ይችላል። የቀድሞዎቹ ቮልሶች ባለ 6 ቮልት መሆናቸውም አይዘንጋ፤ የዛሬው 12 ቮልት ባትሪ አምፖሎቻቸውን ያቃጥላል።

በታንከሩ የቀረው ቤንዚን ለዓመታት ሲቆይ ወደ ሙጫነት ይቀየራል፤ ሽታውም እንደ አሮጌ ቀለም ይሆናል። ታንከሩ ይታጠባል፤ ካርቡራቶሩ ተፈትቶ ይጸዳል። ከሁሉ በላይ ግን የነዳጅ ጎማ ቱቦዎቹ፣ መልካቸው ደኅና ቢመስልም፣ ሁሉም ይቀየራሉ። የደረቀ ቱቦ ተሰንጥቆ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ሲያንጠባጥብ ቮልስ ይቃጠላል። የሞተሩ አካል ማግኒዥየም የበዛበት ቅይጥ ነው፤ ማግኒዥየም አንዴ ከተያያዘ ውኃ ቢደፉበት ይብሳል እንጂ አይጠፋም። የዱቄት እሳት ማጥፊያ ከጎን ሳይኖር ሞተሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ማስነሳት አይገባም።

ከሞተሩ ውጭ ያለው ሥራ ብዙ ነው፤ ግን አብዛኛው ሊቆይ ይችላል። ቀለም፣ ስቱኮና የሚያብረቀርቅ ቸርኬ ይቆያሉ። ፍሬን አይቆይም። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባልና በቆመ መኪና ውስጥ ቧንቧውንና በየጎማው ያሉትን ትንንሽ ሲሊንደሮች ከውስጥ ያዝጋል፤ ጎማ ቱቦዎቹም ከውስጥ ያብጣሉ። ብዙዎቹ አሮጌ ቮልሶች የፍሬን መስመራቸው አንድ ብቻ በመሆኑ አንዱ ቱቦ ቢፈነዳ አራቱም እግር ያለ ፍሬን ይቀራል። የማሞቂያው ነገርም መታየት አለበት። ቮልስ የውስጥ ሙቀቱን የሚያገኘው በጭስ ማውጫው ዙሪያ ካለፈ አየር ስለሆነ፣ የዛገ ማሞቂያ መርዛማውን ጭስ ወደ ተሳፋሪው ሊያመጣ ይችላል። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው፤ የአሲዱ ፍሳሽ ሥሩ ያለውን ላሜራ በልቶት እንደሆነ ምንጣፉን አንሥቶ ማየት ይገባል። የወንበሩ ሽቦ የባትሪውን ጫፎች እንዳይነካም ባትሪው ክዳን ይኑረው፤ ከባድ ሰው ሲቀመጥበት እሳት የተነሣበት ቮልስ አለ።

ለአርሶ አደሩ ይህ ሁሉ የሚጠቅመው በውኃ መሳቢያው ሞተር ላይ ነው። መሳቢያው በበጋ ይሠራል፤ ዝናብ ሲጀምር በዳስ ወይም በጎተራ ጥግ ይቀመጣል፤ በመስከረምና በጥቅምት ሲፈለግ ገመዱ አልሳብ ይላል። መንስኤው ከቮልሱ ጋር አንድ ነው፦ ክፍት ቫልቭ፣ የክረምት እርጥበት፣ የደረቀ ዘይት። ሲሊንደሩ አንድ ብቻ ስለሆነ መላቀቁም ይቀላል። ካንዴላው ይወጣል፤ ሞተሩ የካንዴላው ቀዳዳ ወደ ላይ እንዲሆን ይዘነበላል፤ ናፍጣና ዘይት ይጨመርበታል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ገመዱን በመጎተት ሳይሆን በሞተሩ ዘንግ በኩል በቀስታ ይነቀነቃል። የገመድ ማስነሻው የሚሰጠው ድንገተኛ ጉልበት ነው፤ የተጣበቀ ቀለበት የሚጠላው ደግሞ ይህን ነው።

መሳቢያው ከመከማቸቱ በፊት የሚደረገው ሥራ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ቤንዚኑ ከታንከሩና ከካርቡራቶሩ ይወጣል፤ በፓምፑ ውስጥ የቀረው ውኃ ይፈሳል። በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ንጹሕ የሞተር ዘይት ገብቶ ገመዱ ሁለት ሦስት ጊዜ በቀስታ ይሳባል፤ ካንዴላውም ይመለሳል። ከዚያ ገመዱ ክብደት እስኪሰማው ድረስ ይሳብና እዚያው ላይ ይተዋል። ያ ክብደት ፒስተኑ አየር እያመቀ መሆኑን ያሳያል፤ በዚያ ቦታ ሁለቱም ቫልቮች ዝግ ስለሆኑ እርጥበት የሚገባበት በር የለም። ሞተሩ ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት ላይ ይቀመጣል፤ አየር በሚያሳልፍ ጆንያ ይሸፈናል፤ በፕላስቲክ ግን አይጠቀለልም፣ ጤዛውን አፍኖ ያስቀረዋልና። በክረምቱ መካከል አንድ ቀን ካንዴላውን አውጥቶ ጥቂት ዘይት መጨመርና ገመዱን በቀስታ ስቦ ክብደቱ እንደገና በሚሰማበት ቦታ መተው ይበቃል።